ኪራይ ሰብሳቢ ማነው? የነፃ ገበያ አሳቢዎች በትክክል ያሉት ነገር

በኢህአዴግ ጊዜ መንግስት መስሪያ ቤት የሰራ ሰው ኪራይ ሰብሳቢ የሚለውን ቃል ሳይሰማ የዋለበት ቀን ብዙም አይኖርም። ግምገማ ላይ ይባላል፣ ስብሰባ ላይ ይባላል፣ ዜና ላይ ይባላል፣ ባነር ላይ ተፅፎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ስኳር ከጠፋ ኪራይ ሰብሳቢ ነጋዴ ደብቆት ነው፣ ሲሚንቶ ከተወደደ ኪራይ ሰብሳቢ ደላላ ገብቶበት ነው። ቃሉ ሲደጋገም ሲደጋገም ትርጉሙ ተነነና በቃ ስድብ ሆኖ ቀረ።

ከሱ ጎን ደግሞ ሌላ ስድብ ነበር፣ ኒዮሊበራል የሚባል። ቴሌ ወደ ግል ይዙር፣ ባንክ ለውጭ ይከፈት፣ መንግስት ከንግድ ይውጣ ያለ ሰው ሁሉ ኒዮሊበራል ተብሎ ይዘጋ ነበር። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ኪራይ ሰብሳቢነት የሚለውን ሀሳብ ያመጡት እነዛው ኒዮሊበራል እየተባሉ የሚሰደቡት ኢኮኖሚስቶች መሆናቸው ነው። ቃሉን ከነሱ ተዋስነው፣ ስንዋሰው ግን የሚጠቁምበትን አቅጣጫ አዙረን ወሰድነው። እነሱ ጣታቸውን የቀሰሩት በዋናነት ፈቃድ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እኛ ጋ ሲደርስ ጣቱ ወደ ባለሱቁ ዞረ።

ይሄን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ነፃ ገበያ የሚለው ነገር ከምሁራን ወረቀት ወጥቶ ታክሲ ውስጥ የሚወራ ጉዳይ ሆኗል፣ ግማሹ የአለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ያመጣብን መዘዝ ነው ይላል፣ ግማሹ ዘገየ እንጂ ድሮ መደረግ ነበረበት ይላል፣ ሁለቱም ግን ነፃ ገበያ ሲሉ "ነጋዴው እንዳሻው ይሁን" ማለት አድርገው ነው የሚያወሩት። የሀሳቡን ታሪክ ከስሩ ጀምሮ ያየ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ብዬ ካልፃፍኩ አመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አጎቴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ብር ከመለቀቁ በፊት ባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነው ይል ነበር፣ ጥቁር ገበያ ላይ ግን ከ110 ብር በላይ ይጠራ ነበር። ምን ማለት ነው፣ ከባንክ በ57 ዶላር ያገኘ ሰው ገና ምንም እቃ ሳያመጣ በእጁ ያለው ነገር እጥፍ ያወጣል ማለት ነው። ስለዚ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ሁሉም ስለፈለገው ወረፋ ይኖራል፣ ወረፋ ካለ ደግሞ የሚያስቀድም ሰው አይጠፋም። አጎቴ አንድ ኤልሲ (እቃ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) ለመክፈት አመት ከመንፈቅ የጠበቀበት ጊዜ አለ። ሱቁ ውስጥ ሶስት ሰራተኛ ነበረው፣ ሁለቱ ይሸጣሉ፣ ሶስተኛው ልጅ ግን ስራው ባንክ መመላለስ ብቻ ነበር። ጠዋት ፎልደሩን ብብቱ ስር ይዞ ይወጣል፣ አንዱ ጋ ፕሮፎርማው፣ ከውጭ ሻጭ የመጣው የዋጋ ማቅረቢያ፣ ቀኑ አልፎበታል ይሉታል፣ ሌላው ጋ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ይሉታል፣ ማታ ላይ ፎልደሩን ይዞ ይመለሳል፣ ወር ሲደርስ ደሞዙን ይቀበላል። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሰውዬ ሱቅ ድረስ መጥቶ "በፐርሰንት ከተስማማን እኔ አስወጣልሃለሁ" አለው። አጎቴ እምቢ አለ። ጎረቤቱ እሺ አለ፣ የጎረቤቱ ኮንቴነር ገባ።

አን ክሩገር የምትባል አሜሪካዊት ኢኮኖሚስት በ1974 ያወጣችው ጥናት የዚህን ፎልደር የያዘ ልጅ ጉዳይ ነው የሚያወራው ብል አላጋነንኩም። ያየችው ህንድንና ቱርክን ነው፣ ሁለቱም በዛ ጊዜ ማንኛውም አስመጪ ከመንግስት ፈቃድ ሳያገኝ እቃ የማያስገባባቸው አገሮች ነበሩ። ከሷ በፊት የነበረው ስሌት የንግድ ገደብ ጉዳቱ እቃውን ማስወደዱ ነው የሚል ነበር። ክሩገር ግን ትልቁ ጉዳት እሱ አይደለም አለች፣ ትልቁ ጉዳት ሰዎች ፈቃዱን ለማግኘት የሚያፈሱት ጊዜና ጉልበት ነው፣ ጉዳይ አስፈፃሚ ይቀጠራል፣ ለባለስልጣን ይሰጣል፣ ፈቃድ በፋብሪካው አቅም ልክ ይከፋፈላል ከተባለ የማያስፈልግ ማሽን ጭምር ይተከላል፣ ይሄ ሁሉ ምንም አያመርትም። ህንድ ውስጥ በ1964 በፈቃዶች ምክንያት የተፈጠረው ጥቅም የአገሪቱን ገቢ 7.3 በመቶ ያክላል ብላ ገመተች፣ ቱርክ ውስጥ በ1968 የማስመጣት ፈቃዱ ብቻ 15 በመቶ ገደማ። ለነገሩ ኪራይ መፈለግ ወይም መሰብሰብ የሚል ስም ያወጣችለትም እሷ ናት። ሀሳቡን ግን ከሷ ሰባት አመት ቀድሞ፣ በ1967፣ ጎርደን ተሎክ የሚባል ሰው አንስቶታል። ተሎክ ነገሩን በሌብነት ነው የሚያስረዳው፤ ሌባ 1000 ብር ከሰረቀ አገር የከሰረችው ነገር ያለ አይመስልም፣ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነው የሄደው፣ ግን ሌባው ለመስረቅ ያጠፋው ጊዜ አለ፣ ባለቤቱ ለቁልፍና ለአጥር ያወጣው አለ፣ ለዘበኛና ለፖሊስ የሚወጣው አለ፣ ያ ሁሉ ባከነ።

"ኪራይ" የሚለው ቃል አማርኛ ላይ የቤት ኪራይ ስለሚያስመስለው ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። ኢኮኖሚስቶቹ ጋ ግን ምንም ተጨማሪ ነገር ሳታመርት፣ ቦታ ስለያዝክ ወይም በሩ ላንተ ብቻ ስለተከፈተልህ የምታገኘው ገቢ ማለት ነው። ስለዚ ነጋዴ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ኪራይ ሰብሳቢ አይባልም፣ ሌላ ነጋዴ ገብቶ እንዳይፎካከረው በሩ ስለተዘጋለት ነው የሚባለው። በሩን የሚዘጋው ደግሞ ነጋዴው ብቻውን አይደለም፣ ማህተም ያለው ሰው ያስፈልጋል። ይሄን ከተረዳን መድሃኒቱም ይለያል። በኛ አተረጓጎም መድሃኒቱ ግምገማ፣ እስር፣ ሱቅ ማሸግ ነው። በክሩገር አተረጓጎም በ57 እና በ110 መሃል ያለውን ልዩነት ራሱን ማጥፋት ነው፣ ልዩነቱ ካለ አንዱን ሰውዬ ብታስረው ነገ ሌላ ሰውዬ ሱቅህ ድረስ ይመጣል።

ይሄ ሀሳብ ደግሞ በ1970ዎቹ የተወለደ አይደለም፣ የነፃ ገበያ አባት እየተባለ የሚጠራው አዳም ስሚዝም ጋ አለ። በ1776 የወጣው ትልቁ መፅሐፉ ሲነሳ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው "የማይታየው እጅ" ነው፣ ያ አባባል ግን በዛ ሁሉ ገፅ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። የመርፌ ፋብሪካው ምሳሌም ይጠቀሳል፣ 10 ሰው ስራ ተከፋፍሎ በቀን 48000 ስፒል ያመርታል፣ አንድ ሰው ለብቻው ቢሞክር ግን 20 እንኳን ላይሞላለት ይችላል የሚለው። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን የመፅሐፉ ቁጣ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስሚዝ የተቆጣው ነጋዴዎች ላይ ነው፣ በተለይ ከመንግስት ጋር የተሻረኩት ላይ። አንድ አይነት ንግድ ላይ ያሉ ሰዎች ለመዝናናት እንኳን ሲገናኙ ወሬያቸው ህዝቡ ላይ ወደማሴር ዋጋም ወደመጨመር ነው የሚያመራው ይላል። ከነጋዴዎች የሚመጣ የህግ ሀሳብ በታላቅ ጥርጣሬ ይታይ ይላል። ሰራተኛና አሰሪ ሲጣላ ህግ አውጪው አማካሪ የሚያደርገው አሰሪዎቹን ነው ይላል። የምስራቅ ህንድ ኩባንያን፣ በንጉስ ቻርተር ንግዱን ጠቅልሎ የያዘውን ድርጅት፣ ገፅ በገፅ እየዞረ ይወቅሰዋል። ይሄ ሰውዬ ነው እንግዲህ የነጋዴ ጠበቃ ተደርጎ የሚሳለው! መንግስትም ጭራሽ አያስፈልግም አላለም፣ አገር መጠበቅ፣ ፍትህ መስጠት፣ መንገድና ድልድይ የመሳሰለውን መስራት የመንግስት ግዴታ ነው ብሏል፣ ለድሃ ልጆች ትምህርት ላይም ህዝብ ገንዘብ ያውጣ ብሏል።

ከስሚዝ ይልቅ ለኛ የዛሬ ሁኔታ የሚቀርበው ግን ቱርጎ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ስሙ ብዙ አይነሳም፣ መነሳት ነበረበት። ቱርጎ ፈረንሳዊ ነው፣ ስሚዝ በ1766 ፓሪስ ሄዶ በነበረ ጊዜ ተዋውቀዋል። ሉዊ 16ኛ በ1774 ሲነግስ የገንዘብ ሚኒስትር አደረገው። የፈረንሳይ የእህል ንግድ በዛ ጊዜ በደንብ የታሰረ ነበር፣ ገበሬው የት ገበያ እንደሚሸጥ ይታዘዛል፣ ነጋዴው ይመዘገባል፣ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እህል ማዘዋወር ፈቃድና ቀረጥ ይጠይቃል፣ ስለዚ አንዱ ጋ እህል ተርፎ ሲነቅዝ ሌላው ጋ ይራባል። ቱርጎ በሴፕቴምበር 1774 ይሄን ፈታው፣ እህል በአገር ውስጥ እንደልብ ይዘዋወር አለ። ሀሳቡ ትክክል ነበር። ጊዜው ግን ከፋ፣ የዛ አመት አዝመራ ተበላሸ፣ ክረምቱን አልፎ ፀደይ ላይ የዳቦ ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ በኤፕሪል 1775 መጨረሻ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለች ከተማ ግርግር ተነሳ፣ በቀናት ውስጥ ቬርሳይና ፓሪስ ገባ። ታሪክ የዱቄት ጦርነት ይለዋል። ሰዉ ያደረገው ነገር ደግሞ ልብ ይነካል፣ ብዙ ቦታ ላይ እህሉን ዘርፎ አልሄደም፣ መጋዘን ገብቶ ተገቢ ነው ያለውን ዋጋ ከፍሎ ነው የወሰደው። ቱርጎ ወታደር አዘመተ፣ ሁለት ሰው ፓሪስ አደባባይ ላይ ተሰቀለ፣ ግርግሩ ቆመ። በሚቀጥለው አመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ገበሬው በነፃ መንገድ የሚሰራበትን የግዳጅ ጉልበት አንሳለሁ፣ የባለሙያ ማህበራትን አፈርሳለሁ ብሎ ተነሳ፣ ማህበራቱ አባል ያልሆነ ሰው ጫማ እንኳን እንዳይሰፋ የሚከለክሉ ነበሩ። እዚህ ላይ ግን መኳንንቱም ፍርድ ቤቱም ባለማህበሩም አንድ ላይ ተነሱበት፣ በሜይ 1776 ተባረረ። የስሚዝ መፅሐፍ ለንደን ከወጣ ሁለት ወሩ ነበር።

ከቱርጎ ታሪክ ሁለት ነገር ነው የማየው። አንደኛው፣ ዋጋ መፍታት ቀላሉ ክፍል መሆኑን ነው። በእህል ዋጋ ምክንያት ዳቦ ያጣው ህዝብ በሁለት ሳምንት ተበተነ፣ ጥቅማቸው የተነካባቸው ባለፈቃዶች ግን ሚኒስትሩን አስነሱት። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ቱርጎ ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት ሊሞዥ የሚባለው ደሃ አውራጃ አስተዳዳሪ ነበር፣ በ1770 አካባቢ ረሃብ ሲገባ የእህል ንግዱን ነፃ እንዳለ ይዞ ለችግረኛው መንገድ የመስራት ስራ ከፈተ፣ ሴቱም ወንዱም ሰርቶ የሚበላበትን ገንዘብ ሰጠ፣ ባለመሬቶቹ ጢሰኞቻቸውን እስከ አዝመራ እንዲመግቡ አስገደደ። እንግዲህ የዘመኑ ትልቁ የነፃ ንግድ ሰው ነው ይሄን ያደረገው። ዋጋው እህሉን ያምጣው፣ ሰዉ የሚገዛበትን ገንዘብ ደግሞ እኛ እናስገኝለት ነው ነገሩ። ፓሪስ ላይ ይሄ ሁለተኛው ነገር በበቂ አልደረሰም።

ከዛ በኋላ ያለውን መቶ አመት ቶሎ ልለፈው። ሪካርዶ የሚባለው እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት በ1817 እንግሊዝ ጨርቅ ፖርቱጋል ወይን እያለ ሁለት አገር አንዱ በሁሉም ነገር ቢበልጥ እንኳን መነገዳቸው ሁለቱንም እንደሚጠቅም አስረዳ። እሱም ቢሆን ፀቡ ከባለመሬቶች ጋር ነበር፣ የእንግሊዝ የእህል ህግ የውጭ ስንዴን አግዶ የመሬት ኪራይን ያስወደደ ነበርና። ማንቸስተር ላይ ኮብደንና ብራይት የመሩት ንቅናቄ ህጉን በ1846 አሰረዘው፣ ያኔ ነፃ ንግድ የደሃው ዳቦ ጥያቄ ነበር፣ ሰልፍ የሚወጣበት።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ክርክር ግን ሌላ ነገር ጨመረ፣ እሱም እውቀት ነው። ሚዘስ የሚባለው የኦስትሪያ ኢኮኖሚስት በ1920 የማምረቻ መሳሪያ የሚሸጥበት የሚገዛበት ገበያ ከሌለ ዋጋ የለም፣ ዋጋ ከሌለ የቱ እንደሚያዋጣ ማስላት አይቻልም አለ። ሃይክ የሚባለው ሌላው የኦስትሪያ ኢኮኖሚስት በ1945 ነገሩን የበለጠ አጠራው። አንድ አገር ለማስተዳደር የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ቦታ የተቀመጠ አይደለም፣ በሚሊዮን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው፣ ዋጋ ማለት ያን የተበተነ እውቀት የሚያመላልስ መልእክተኛ ነው። በ1975 ብራዚል ፓራና ላይ ከባድ ውርጭ ወርዶ የቡና ዛፍ ጨረሰ፣ የአለም የቡና ዋጋ ተተኮሰ። ጅማ ያለ ገበሬ ፓራና የት እንዳለች ማወቅ የለበትም፣ ዋጋው ብቻ ከደረሰው ቡናውን ይንከባከባል፣ አይነቅልም፣ ይለቅማል። ዋጋው እሱ ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ቀረጡና የመንግስት ገዢው ከወሰደው ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፣ በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባለው ነበር፣ በ1976 የተቋቋመው። ገበሬው ኮታ ይጣልበታል፣ ያንን ኮታ በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል፣ ነጋዴው ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላ እህል እንዳያሳልፍ ኬላ ላይ ይያዛል። እናቶቻችን ዱቄት በፌስታል አድርገው ልብስ ስር ደብቀው ኬላ ያሳለፉበት ዘመን ነው። ከዛ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ኮታውን የሚያሟላበት እህል ያላመረተው ገበሬ ነው፣ በሬውን ሸጦ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ ለመንግስት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ነበር። ድርጅቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ የዛ ገበሬ ጎተራ ባዶ መሆኑን ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ወረቀት አይነግራቸውም። ገበያው ይነግራቸው ነበር፣ ገበያውን ግን ዘግተውታል። መንግስቱ ኃይለማርያም ራሱ በ1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅ ኮታው ቀረ።

ሃይክም ቢሆን መንግስት ዝም ብሎ ይመልከት ያለ ሰው አይደለም። በ1944 በፃፈው ዝነኛ መፅሐፉ ላይ ለማንም ሰው ዝቅተኛ ምግብ፣ መጠለያና ልብስ ማረጋገጥ ከነፃነት ጋር አይጋጭም ብሏል። ተቃዋሚው የነበረው እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኬንስ መፅሐፉን ያነበበው ወደ ብሬተን ውድስ ጉባኤ በመርከብ ሲጓዝ ነው፣ በመሰረቱ እስማማለሁ ብሎ ፃፈለት፣ ግን መስመሩ የት ላይ እንደሚሰመር አልነገርከንም አለው። ያ የኬንስ ጥያቄ እስከዛሬ አልተመለሰም። (በነገራችን ላይ አይኤምኤፍና የአለም ባንክ በተወለዱበት በዛ ጉባኤ ከተገኙት 44 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፣ ስለዚ ተቋሙ ለኛ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም።)

ብር ተለቀቀ ሲባል ደግሞ የሚነሳው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን ነው። በ1953 አብዛኛው የአለም ገንዘብ በቋሚ ዋጋ ታስሮ እያለ ምንዛሬ ይንሳፈፍ ብሎ የፃፈ ሰው ነው፣ ያኔ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ያቀረበው ምሳሌ የሰዓት ነው። በጋ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይነሳ ከተባለ እያንዳንዱ ሰው ልማዱን ሁሉ መቀየር አለበት፣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ማስቀደም ግን ቀላል ነው፣ ምንዛሬም እንደዛ ነው፣ የአገር ውስጡን ዋጋ ሁሉ አንድ በአንድ ከመቀየር የምንዛሬውን ዋጋ መቀየር ይቀላል። እኛ ጋ ከ1973 እስከ 1992 አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፣ ንጉሱ ወርደው ደርግ ገብቶ ደርግ ወድቆ ያቺ ቁጥር ግን አልተነካችም፣ ሰዓቱ ቆሞ ፀሐይዋ ትዞር ነበር ማለት ነው።

ግን ዋጋ መፍታትና በር መክፈት ሁለት የተለያየ ስራ መሆኑን ጀርመንና ቺሊ ናቸው የሚያሳዩን። ጀርመን ውስጥ ጁን 20 ቀን 1948፣ እሁድ ቀን፣ ማርክ ተቀየረ፣ በዛው ሰሞን የኢኮኖሚ አስተዳደሩን ይመራ የነበረው ኤርሃርድ ብዙውን የዋጋ ቁጥጥር አነሳ፣ የቤት ኪራይና ዋና ዋና ምግብ ላይ ያለውን ግን ትቶ። በማግስቱ ተደብቆ የነበረ እቃ ሱቅ መስታወት ላይ ወጣ ይባላል፣ ወዲያው ደግሞ ዋጋው ናረ፣ በኖቬምበር ሚሊዮኖች የስራ ማቆም አድማ መቱ። ኤርሃርድን ያማከሩትና በሀሳብ የሚቀርቡት የፍራይቡርግ ምሁራን፣ እነ ኦይከን፣ ገበያ በራሱ ከተተወ ትልልቁ ተመሳጥሮ ይዘጋዋል፣ ስለዚ መንግስት ፉክክሩን መጠበቅ አለበት ብለው ያምኑ ነበር። የካርቴል፣ ማለትም ተመሳጥረው ዋጋ የሚቆርጡ ድርጅቶች፣ መከላከያው ህግ ግን የፋብሪካ ባለቤቶቹ ሲቃወሙት ቆይቶ የፀደቀው በ1957 ነው። ዋጋው በሳምንት፣ በሩ በዘጠኝ አመት።

ቺሊ ደግሞ በተቃራኒው ናት። በ1973 ጄነራል ፒኖቼ በመፈንቅለ መንግስት ስልጣን ሲይዝ፣ ሺዎች ሲገደሉና ሲሰወሩ፣ ቺካጎ የተማሩ ኢኮኖሚስቶች ሚኒስቴሮቹን ያዙ፣ ፍሪድማንም በ1975 ሄዶ ጄነራሉን አግኝቷል፣ ይሄ በስሙ ላይ የቀረ ጥላ ነው፣ እኔም በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ኢኮኖሚውን ብቻ ብናይ እንኳን የመንግስት ድርጅቶች ሲሸጡ የገዟቸው ጥቂት ቡድኖች ናቸው፣ የገዙትም በብዛት በብድር ነው። በ1979 ፔሶ በዶላር 39 ላይ ተቸነከረ፣ መንሳፈፍ አለበት የሚለው የፍሪድማን ምክር ተትቶ ማለት ነው፣ በ1982 ሁሉም ተናደ፣ በ1983 መንግስት ትልልቆቹን ባንኮች መልሶ እጁ ውስጥ አስገባ። ስሙ ነፃ ገበያ ነበር፣ ውስጡን ግን ስሚዝ ቢያየው የምስራቅ ህንድ ኩባንያን ነበር የሚያስታውሰው።

ወደኛ ስመለስ፣ ከአይኤምኤፍ ጋር የተከራከርነው አሁን ብቻ አይደለም። በ1997 መለስ የፋይናንስ ገበያውን ክፈት ሲባል እምቢ ብሎ ብድሩ ሲታገድበት የአለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበረው ስቲግሊትዝ አዲስ አበባ መጥቶ ከመለስ ጎን ቆሟል፣ ኋላም በመፅሐፉ ፅፎታል። ጥቂት ባንክ ባለበት አገር ወለድ ቢለቀቅ ፉክክር ሳይሆን ወለድ መናር ነው የሚመጣው የሚል ነው ክርክሩ። ልብ በሉ፣ ይሄ ራሱ የነፃ ገበያ ክርክር ነው፣ ፉክክር ሳይኖር ዋጋ ቢፈታ ምን ዋጋ አለው ነው እያለ ያለው። የኢህአዴግ መንግስት ስህተቱ እኔ እንደማየው በሩን በዛ ቀን አለመክፈቱ ሳይሆን ለሚቀጥሉት ሀያ አመታትም ዘግቶ መቆየቱና በተዘጋው በር ምክንያት የመጣውን ኪራይ ባለሱቁ ላይ መለጠፉ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ደግሞ ሁላችንም የኖርነው ነው። አይኤምኤፍ በዛው ቀን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት አመት ፕሮግራም አፀደቀ፣ ዶላር በንግድ ባንክ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እንዳይገቡ ታግደው የነበሩት 38 አይነት እቃዎች ተፈቀዱ፣ ላኪው ለብሔራዊ ባንክ የግድ የሚያስረክበው ዶላር ቀረ። ወረፋው ያልደረሰው አጎቴን የመሰለ አስመጪ ዶላሩን ከጥቁር ገበያ በ110 ብር ሲገዛ ስለኖረ የእቃው ዋጋ ድሮም በ110 የተሰላ ነበር። እጥፉን የበላው በ57 ያገኘው ሰው ነው፣ ያ ሰው ኪራዩን አጣ፣ ይሄ መልካም ነገር ነው፣ በግልፅ መባል አለበት። ግን መድሃኒት፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ በባንክ ዋጋ ይመጣ ስለነበር እነሱ ሲወደዱ ጫናው ያረፈው ደሞዝተኛው ላይ ነው፣ ዶላር የሚልክለት ዘመድ የሌለው አስተማሪና ጡረተኛ ላይ። ለሱ ነው የቱርጎ የሊሞዥ ስራ የሚያስፈልገው፣ ድጎማውም ደሞዝ ጭማሪውም ከኑሮው ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ የኛውን የኢኮኖሚ አሳቢ ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን ሳላነሳ አላልፍም። ስሚዝ በመጨረሻ ዘመኑ ኤድንብራ ላይ የጉምሩክ ሹም ነበር፣ ገብረሕይወትም ድሬዳዋ ላይ ነጋድራስ፣ የንግድና የቀረጥ ሹም፣ ነበር፣ ሁለቱም ንግድን ኬላው ጋ ቆመው ያዩት ሰዎች ናቸው። ገብረሕይወት ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መፅሐፉ ያነሳው ነገር ሪካርዶ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው፤ እውቀት ያለው ህዝብና እውቀት የሌለው ህዝብ ሲነግዱ ልውውጡ እኩል አይሆንም፣ አንዱ ትንሽ ደክሞ የሰራውን ለሌላው ብዙ ድካም ይለውጠዋል። እኔ ይሄን ንግድ ይዘጋ ማለት አድርጌ አላነበውም፣ በሩ ሲከፈት የምትወጣበት ነገር ያዝ እያለን ነው። ቡናውን ጥሬውን እየላክን የቆየንበት መቶ አመት ምስክር ነው።

አጎቴ አሁን ዶላር ያገኛል። ልጁም ፎልደሩን አስቀምጦ ሱቅ ውስጥ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ችግሩ ዶላሩ የሚገዛበት ብር ነው፣ ባንክ ድሮ 57 ብር ይለው ለነበረው አንድ ዶላር አሁን ከእጥፍ በላይ ብር መያዝ አለበት፣ ብሩን ለመበደር ደግሞ ባንኮች ላይ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተጣለ የብድር እድገት ጣሪያ፣ ባንኩ በአመት ብድሩን ከዚህ በላይ አያሳድግ የሚል ገደብ፣ ገጠመው፣ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ ኋላ ወደ 18፣ ከዛም በላይ ከፍ ተደረገ። ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው፣ ፍሪድማንም ቢኖር ገንዘብ ሳትቀንስ ንረት አይቀንስም ብሎ ይደግፈው ነበር። ክሩገር ደግሞ ጣሪያ ካለ ወረፋ አለ፣ ወረፋ ካለ ፈቃድ የሚሰጥ ጠረጴዛ አለ ትል ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ለዛም ነው ነገሩ ከባድ የሆነው። ልጁ ባለፈው ሳምንት እንደገና ፎልደሩን ይዞ ወጣ፣ አሁን ውስጡ ያለው ግን ፕሮፎርማ ሳይሆን የአጎቴ የቤት ካርታ ነው።